የባህል ምሽት ቤት ተወዛዋዥ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር ስትሆን፦ ከየት ይጀመራል?

እስክስታ_ጣና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ባለ አንድ የባህል ምሽት ቤት የምንሠራ 14 የኪነት ሠራተኞች ነን፤ 6 ተወዛዋዥ፣ 2 ድምፃዊ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና ኪቦርድ አንዳንድ ሰው፣ አንድ የድምፅ ባለሙያ። ማኅበር ሊመሠረት ነው፤ ሊቀ መንበርነቱን እኔ እንድይዘው ይፈልጋሉ።

ተወዛዋዦችና ድምፃውያን በወር እንከፈላለን፣ የመሣሪያ ተጫዋቾቹ በአዳር። ማሲንቆ ተጫዋቹ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ የሚኖረው በሽልማት ነው። የጽሑፍ ውል ያለው ሰው የለም። ልምምድ ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት፣ መድረክ ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን። የልምምዱ ሰዓት አይቆጠርም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ያለ ክፍያ "ለፋሲካ ተመለሱ" እንባላለን። ባለቤቱ ደግሞ "እናንተ አርቲስት እንጂ ሠራተኛ አይደላችሁም" ይላል።

ሕጉ እኛን ይጨምራል ወይ? ምዝገባው እንዴት ነው? ከሥራ ቢያባርሩኝስ? ደግሞ ይህን መንገድ የዕድሜ ልክ ሥራ አድርጎ መያዝ ይቻላል ወይስ ሁለት ዓመት ተጮኾ የሚቀር ነገር ነው?

ጮቄ_ማዶ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት "ሠራተኛ አይደላችሁም" የሚለውን እንያዘው፤ እሱ ሳይፈታ የቀረው ሁሉ መሠረት የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሽፋኑ የሚያስወጣው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት በዋጋ ተስማምቶ የሚሠራን ሰው ነው። ለአንድ ሠርግ ተጠርቶ፣ የራሱን ባንድ ይዞ፣ ቀብድ ተቀብሎ ዘፍኖ የሚሄድ ድምፃዊ እዚያ ውስጥ ይገባል። የእናንተን መግቢያ ሰዓት ግን ቤቱ ይወስናል፤ ልብሱን ቤቱ ይሰጣል፤ የጎጃሙ ጭፈራ ከወሎው ይቅደም ወይስ ይከተል የሚለውን ቤቱ ያዛል፤ ስትቀሩ ይቆረጥባችኋል፤ የፈለጋችሁትን ሰው ተክታችሁ መቅረት አትችሉም። ይህ በአሠሪ አመራር ሥር መሥራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በአዳር መከፈሉም ለውጥ አያመጣም፤ ደመወዝ በሰዓትም በቀንም በወርም ሊታሰብ ይችላል።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብት አያሳጣችሁም። ሕጉ የሥራ ውል የተለየ ፎርም ይኑረው አይልም። በጽሑፍ ያልተደረገ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ውሉ ውል ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምራችሁ ሰብስቡ፦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የፕሮግራም ተራ በየሳምንቱ ፎቶ አንሱ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር የገባ ክፍያ ካለ መግለጫውን አውጡ፣ በጥሬ ገንዘብ ለተከፈላችሁበት የፈረማችሁበትን ሉህ ፎቶ ያዙ፣ "ዛሬ 9 ሰዓት ልምምድ አለ፣ የቀረ ይቀጣል" ዓይነት የቴሌግራም መልእክት አታጥፉ። ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ልምምዱ ግዴታ መሆኑን ብቻዋን ታሳያለች።

አንድ የሚያደናቅፍ ነገር አለ። ገንዘቡን በጅምላ ተቀብሎ ለመሣሪያ ተጫዋቾቹ የሚያከፋፍል የባንድ መሪ ካለ ባለቤቱ "አሠሪያችሁ እሱ ነው" ሊል ይችላል። ያ ሰው መቅጠርና ማባረር የሚችል ከሆነ ደግሞ የሥራ መሪ ተብሎ ከማኅበሩ ውጭ ይሆናል። ማን ምን ሥልጣን እንዳለው ከምሥረታው በፊት አጣሩ፤ በመሥራች ዝርዝር ላይ የሥራ መሪ ስም መገኘቱ ለተቃዋሚ ጥሩ ምክንያት ነው።

ምዝገባው እነሆ። አንቀጽ 114 ማኅበር የሚቋቋመው 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ነው ይላል፤ የአባላቱም ቁጥር ከ10 ማነስ የለበትም። ልብ በይ፣ 10 አርቲስት አላለም። አስተናጋጁ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛው፣ ጥበቃው ሁሉ ይቆጠራል። እኔ እነሱን ትታችሁ በ14 ብቻ እንድትመሠርቱ አልመክርም። አራት ሰው ፈርቶ ቢወጣ ልክ 10 ላይ ትቀራላችሁ፣ አምስተኛው ከወጣ ማኅበሩ አለቀ። መድረኩ ቆሞ ምግቡና መጠጡ የሚሸጥ ከሆነም ድርድር ላይ ክንድ አይኖራችሁም።

መሥራች ስብሰባውን በአንድ ቀን ጨርሱ። የዚያን ዕለት ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ መተዳደሪያ ደንብ ይጸድቃል፣ አመራር ይመረጣል፣ ሁሉም ይፈርማል። ደንቡ ውስጥ የማኅበሩ ስምና አርማ፣ አድራሻ፣ ዓላማ፣ የተመሠረተበት ቀን፣ ለአመራርነት የሚያበቃ መስፈርት፣ የአባላት መዋጮ፣ የገንዘብና ንብረት አያያዝ፣ የስብሰባና የምርጫ ሥርዓት፣ የዲሲፕሊን ሥርዓት፣ ማኅበሩ የሚፈርስበት ሁኔታና ቢፈርስ ንብረቱ የሚሆነው ነገር መኖር አለበት። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳና ማመልከቻው "አሟሉ" ተብሎ ይመለሳል። ከደንቡ ጋር የአመራሩን ስም፣ አድራሻና ፊርማ አያይዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚይዘው የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ታስገባላችሁ።

ስታስገቡ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ቁጥርና ቀን የተመታበት ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። ለባለሙያ በእጅ ሰጥቶ መምጣት አይበቃም። ምክንያቱም መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ የምስክር ወረቀት መስጠት ወይም ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት፤ ዝም ካለ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል። ገቢ የሆነበት ቀን በእጃችሁ ከሌለ 15 ቀኑን ከየት ትቆጥራላችሁ?

ክራር_ደብረማርቆስ፦

ጮቄ፣ ጥሩ አስረድተሃል። እኔ ልጨምር የምፈልገው ስለ ትናንሾቹ ነው። ደብረ ማርቆስም ፍኖተ ሰላምም ሞጣም ያለው አዝማሪ ቤት አብዛኛው አንድ ማሲንቆ፣ አንዲት ድምፃዊት፣ አንድ ከበሮ መቺና ሁለት አስተናጋጅ ነው። 10 ሰው የት ይገኛል? እነዚህ ሰዎች ተረስተው ይቀራሉ እኮ።

ጮቄ_ማዶ፦

አልተረሱም። ያው አንቀጽ ከ10 በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ አባላቱ በድምሩ 10 ይሙሉ እንጂ ከሦስት ቤትም ከአምስት ቤትም ቢመጡ ችግር የለም። ለምዝገባ ከሌላው ሰነድ በተጨማሪ አባላቱ የሚሠሩባቸውን ድርጅቶች ስም መዘርዘር ያስፈልጋል። ጣጣው ከምዝገባ በኋላ ነው፤ ድርድሩ ከእያንዳንዱ ቤት ባለቤት ጋር ለየብቻ ነው። ከሁሉም ቤት ቢያንስ አንድ ተጠሪ በኮሚቴው ካልገባ ሩቅ ያለው ቤት በወራት ውስጥ መዋጮ ማቆሙ አይቀርም።

የሠርግ ባንዱ ነገር ሌላ ነው። በጥርና በሚያዝያ እየተጠራ የሚጫወት ሰው አሠሪ ስለሌለው በዚህ አዋጅ ማኅበር አይመሠርትም። ለእሱ የሚሆነው የሙያ ማኅበር ነው፤ ሕጉም ምዝገባውም የተለየ ነው። የሙያ ማኅበር የዋጋ መነሻ ሊያወጣ፣ የቀብድ ውል ናሙና ሊያዘጋጅ፣ አባሉን ሊረዳ ይችላል። የኅብረት ስምምነት (ማኅበርና አሠሪ ስለ ሥራ ሁኔታ ተደራድረው የሚፈራረሙት ውል) ግን ተደራድሮ አይፈርምም። ሁለቱን ያቀላቀሉ ሰዎች የምስክር ወረቀት ይዘው ድርድር ሲጠይቁ "እናንተን አላውቃችሁም" ይባላሉ፤ ባለቤቱም በዚያ ጊዜ እውነት አለው።

እንደ ሙሉዓለም ባህል ማዕከል ባለ የመንግሥት ተቋም በቋሚነት የተቀጠሩትም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ የሚገዛቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞችም እንዲደራጁ ይፈቅዳል። በ1955 ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87ም ይህንኑ ይደግፋል። ይህ በር በሥራ ላይ እንዲከፈት መጠየቅ የኪነት ሰው ትግል መሆን ያለበት ይመስለኛል፤ ከባህል ማዕከል ውጭ ያለነውም ጭምር ልንጠይቅ ይገባል።

ዳሞት_ሒሳብ፦

እኔ ሒሳቡን ልያዝ። የሰጠሽው ሰዓት ለማስረዳት በጣም ይመቻል።

መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ልምምድ 3 ሰዓት፣ መድረክ 7 ሰዓት፣ ድምር 10። ስምንተኛው ሰዓት የሚሞላው ሌሊቱ 7 ላይ ነው። ከ7 እስከ 9 ያለው 2 ሰዓት የትርፍ ሰዓት ነው። በ6 ቀን 12 ሰዓት ይሆናል፤ ሕጉ በሳምንት የሚፈቅደው ጣሪያ ደግሞ ልክ 12 ነው፣ በቀን ደግሞ 4። ማለትም ቤቱ አሁን ጫፍ ላይ ነው፤ ለጥምቀት ሰሞን አንድ ሰዓት ቢጨምር ሕጉን አለፈ።

ክፍያው በአንቀጽ 68 ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ለምሳሌ ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን፣ ወሩን በ208 ሰዓት (26 ቀን በ8) ስናካፍል ሰዓቱ 28.85 ብር ይመጣል። በ1.75 ሲባዛ 50.48 ብር። በሳምንት 12 ሰዓት ሲሆን 606 ብር ገደማ ማለት ነው። 14 ሰው ላይ አስቢው፤ ባለቤቱ "ልምምድ ሥራ አይደለም" ብሎ የሚሟገተው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ። 1.75 የሚከፈለው ለሌሊት ትርፍ ሰዓት እንጂ ለሌሊት ሥራ አይደለም። አንድ ሰው ልምምድ ሳይኖርበት ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 9 ቢሠራ 8 ሰዓት ነው፤ ሌሊት ስለሆነ ብቻ ጭማሪ የለውም። የሌሊት አበል የምትፈልጉ ከሆነ በኅብረት ስምምነቱ ተደራድራችሁ የምታስገቡት ነው። የሌሊት መመለሻ መኪናም እንዲሁ። ሌሊቱ 9 ሰዓት ወደ ቀበሌ 14 ወይም ወደ ዓባይ ማዶ በእግሯ የምትሄድ ተወዛዋዥ እንድትኖር መፍቀድ የለባችሁም፤ እኔ ብሆን ይህን ከደመወዝ ጭማሪ በፊት አስቀድመዋለሁ።

የማሲንቆው ነገር ያሳስበኛል። አንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን፣ ጉርሻን፣ ኮሚሽንንና የመሳሰለውን አያካትትም። ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ብር ደመወዝ አይባልም። ስለዚህ ከሥራ ቢወጣ ካሣውና ስንብቱ የሚሰላው በዚያች ትንሽ ደመወዝ ነው፤ ጡረታውም እንዲሁ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ከደመወዝ ላይ ነውና። መፍትሔው የመነሻ ደመወዙን ከተወዛዋዡ እኩል ማድረግና ሽልማቱ እንዴት እንደሚከፋፈል በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው፦ ለተጫዋቹ ስንት፣ ለድምፃዊቷ ስንት፣ ለከበሮው ስንት፣ ቤቱ ከዚያ ላይ ምንም እንደማይነካ። ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ ማኅበሩን ከውስጥ የሚሰነጥቀው የሽልማት ጠብ ነው።

ጾሙን በተመለከተ። ሕጉ ሥራ ለጊዜው የሚታገድበትን ሁኔታ ያስቀምጣል፦ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ወይም ያልታሰበ የገንዘብ ችግር፣ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን ሥራ የሚያስቆም። አሠሪው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ዕገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። ሰዓት እላፊ ታውጆ ቤቱ ቢዘጋ ይህ በትክክል ይሠራል፤ ተከራከሩ አልልም። ዐቢይ ጾም ግን በየዓመቱ ቀኑ ታውቆ የሚመጣ ነው፣ ያልታሰበ ሊባል አይችልም። ጥበበኛ ባለቤት ግን ሌላ መንገድ አለው፤ ለወቅት ሥራ የተወሰነ ጊዜ ውል ስለሚፈቀድ "ከፋሲካ እስከ ቅበላ" የሚል ውል ሊያስፈርማችሁ ይችላል። ከምሥረታው በኋላ በድንገት የሚመጣ ወረቀት ላይ ማንም ብቻውን አይፈርም።

ለ55ቱ ቀን የሚሠራ ሐሳብ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የዓመት ዕረፍቱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ እሱ በጾሙ ይወሰድ። የቀሩት ሳምንታት ለፋሲካ አዲስ ፕሮግራም ልምምድ በሙሉ ወይም በተስማማችሁበት መጠን ክፍያ ይሁን። ባለቤቱም የሚያገኘው ነገር ሲኖር ይፈርማል።

በረሃ_ማዶ፦

ሌሎቹ ሕጉን ስለሸፈኑት እኔ አንች ወንበሩ ላይ ስትቀመጭ ስለሚገጥምሽ ልናገር።

ከሥራ ማባረርን በተመለከተ አንቀጽ 26 ግልጽ ነው። የማኅበር አባል መሆን፣ በማኅበሩ ሕጋዊ ሥራ መሳተፍ፣ የሠራተኛ ተወካይ መሆን ወይም ለመሆን መፈለግ፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ የሥራ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆኑም። ግን የትኛውም አሠሪ "በማኅበር ምክንያት አባረርኩ" ብሎ አይጽፍም። የሚጽፈው "አርፍዳለች"፣ "ክብደት ጨምራለች"፣ "ለደንበኛ ጥሩ ፊት አላሳየችም" ነው። ስለዚህ መሪ የሆነ ሰው ሰዓቱን ከሌላው ሁሉ በላይ ይጠብቃል፤ ማስጠንቀቂያ ቢሰጠው ዝም አይልም፣ በዚያው ሳምንት መልሱን በጽሑፍ ገቢ ያደርጋል። ከተባረርሽ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። ሽማግሌ እየላኩ፣ "ለፋሲካ እናስታርቃችሁ" እየተባባሉ 3 ወሩ ሲያልፍ የተቃጠለ ብዙ መብት አለ። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱም ይከፈት። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም።

አመራር ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለው፤ ለሥራ ክርክር ለመቅረብ፣ ለኅብረት ስምምነት ድርድር፣ ለማኅበር ስብሰባ፣ ለሴሚናርና ለሥልጠና። ፈቃዱን በቃል አትጠይቂ። ቀኑ፣ ሰዓቱና ምክንያቱ ተጽፎ፣ ቅጂው ይያዝ።

ድርድሩ የሚጀምረው በጽሑፍ ጥያቄና በረቂቅ ነው፤ ሌላው ወገን በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ረቂቁን ከ15 ገጽ በላይ አታድርጉት፤ ለመድረክ ሠራተኛ የማይቀሩት ጥቂት ናቸው። የልብስ ለውጫ ክፍል ከበር ጋር፣ ለሴትና ለወንድ የተለየ። በልምምድ ወይም በመድረክ ላይ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ቢጎዳ ማን ያሳክማል። መድረኩ ላይ የፈሰሰ ጠጅና ቢራ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ማን ይጠርጋል። ደንበኛ እጁን ሲሰድ አስተናጋጁና ጥበቃው ምን ያደርጋሉ። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት በሕግ ክልክል ስለሆነ፣ ተወዛዋዥ ስታረግዝ ደመወዟ ሳይነካ የቀን ሥራ (አሠልጣኝነት፣ አልባሳት) እንድትይዝ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ እርግዝና መባረር ማለት ይሆናል። ሌላ ጊዜ ካልተወሰነበት ስምምነቱ ለ3 ዓመት ይጸናል።

አድማን ለመጨረሻ አስቀምጡት። ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ አባል በተገኘበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል፣ ከ10 ቀን በፊት ለአሠሪውና ለመሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ጉዳዩ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ከቀረበ 30 ቀን፣ ለፍርድ ቤት ከቀረበ ደግሞ ለውሳኔ የተሰጠው ጊዜ ሳይሞላ መነሳት ሕገ ወጥ ነው። አርቲስቶች የሚወዱት "እንወጣለን ግን ሞቅ አድርገን አንጨፍርም" የሚባል ነገር አለ፤ ሕጉ ሥራን ሆን ብሎ ማቀዝቀዝንም አድማ ይለዋል። ያለ ማስጠንቀቂያ ካደረጋችሁት ያለ ጥበቃ ትቆማላችሁ።

የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆናል ወይ ላልሽው፦ ይሆናል። መሠረታዊ ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ ወደ ፌዴሬሽን ይገባል። ለባህል ምሽት ቤት ቅርቡ የቱሪዝም፣ ሆቴሎችና ጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ነው፤ እሱም በ1955 የተመሠረተውን እንቅስቃሴ በወረሰው ኮንፌዴሬሽን፣ በኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ውስጥ ነው። መንገዱ ከመሠረታዊ ማኅበር ሊቀ መንበርነት ወደ ፌዴሬሽን ጉባኤ ተወካይነት፣ ከዚያ ወደ ፌዴሬሽን አመራር ይሄዳል። እዚያ ከሆቴል አስተናጋጅና ከምግብ አብሳይ ተወካይ ጋር ስትቀመጭ የመድረክ ሰው ምን እንደሚሠራ የምታስረጅው አንች ብቻ ትሆኛለሽ። የተወዛዋዥ ጉልበት ከ35 በኋላ ይከብዳል፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የደመወዝ ሉህ ማንበብና መደራደር የለመደች ሴት ግን ከዚያ በኋላ ነው የምትጠነክረው። በዓለም ደረጃ የሙዚቀኞች ፌዴሬሽን በ1948፣ የተዋንያን በ1952 (እንደ ፈረንጆቹ) ተመሥርተዋል፤ መሪዎቻቸው ከመድረክ የመጡ ናቸው። የኛ ሕግም ፌዴሬሽንና ኮንፌዴሬሽን የዓለም አቀፍ ድርጅት አባል እንዲሆኑ ይፈቅዳል።

እስክስታ_ጣና፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስተናጋጆቹንና ወጥ ቤቱን እንጨምራለን። አንድ ቀረኝ፤ መዋጮውን ማን ይሰብስብ? በየወሩ ከሰው እጅ መለመን ከባድ ነው።

ዳሞት_ሒሳብ፦

አትለምኑ። እያንዳንዱ አባል "መዋጮዬ ከደመወዜ ተቆርጦ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ይግባ" ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ያኔ አሠሪው ቆርጦ ማስገባት ግዴታው ነው። ጥያቄው የእያንዳንዱ ሰው ፊርማ ያለው ይሁን፣ አንድ የጋራ ዝርዝር አይበቃም። በአዳር ለሚከፈሉት መጠኑን በመቶኛ አድርጉት፣ አለዚያ በጾም ወር ዕዳ ይከማችባቸዋል። የባንክ ሒሳቡን በምስክር ወረቀቱና በቃለ ጉባኤው ክፈቱ፤ ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ሁለት ሳይፈርሙ አይውጣ፣ ከሦስቱ አንዱ ከአስተናጋጆቹ ወገን ይሁን።